በሶውን ማን ፈጨው?

በሕይወት ያለች ሴት ገድዬ አውቃለሁ። ፖሊስ ለመጥራት አትቸኩሉ፤ የመንደራችን ፖሊስ ራሱ ለልቅሶዋ መጥቶ ንፍሮ በልቶ ሄዷል። የገደልኳት በዱላም በጥይትም አይደለም፤ በልቦለድ ነው። ማንበብ ማንንም አይጎዳም ለሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ መንገር ደስ ይለኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ አንድ የገበሬ ማኅበር የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ፊደል የቆጠሩት ሴቶች መልሰው እንዳይረሱት ተብሎ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሣር ክዳኗ ንባብ ቤት ሲሰበሰቡ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። ሴቶቹ ታዲያ እጃቸውን አጣምረው የሚቀመጡ አይደሉም። እንዝርትና ባዘቶ ይዘው ይመጡና እየፈተሉ ያዳምጣሉ። እኔም ቀስ በቀስ ከፊታቸው ይልቅ እንዝርታቸውን ማንበብ ለመድኩ። እንዝርቱ ከሾረ ነገሩ ጥሟቸዋል፤ እንዝርቱ ከቆመ ግን መጣብኝ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከፍኖተ ሰላም የመጣ ካድሬ አንድ ልቦለድ ሰጠኝ። ስለ ባርነት የተጻፈ ነው። የደራሲውን ስም ተዉት፤ ልጆች ይኖሩታል። «ጓድ፣ ይህን ለሴቶቹ ታነብና በሴቶች ጥያቄ ላይ ሂስ ጽፈህ ፍኖተ ሰላም የውይይት ክበብ ላይ ታቀርባለህ» አለኝ። ልቤ አበጠ። ሂሱ ከተወደደልኝ ከዚያ ጭቃ ወጥቼ ወደ አውራጃው ከተማ ልዛወር እችላለሁ። መብራት ያለበት ከተማ!

እውነቱን ልናገርና፣ ሂሱን የጻፍኩት መጽሐፉን ከመግለጤ በፊት ነው። የዚያን ጊዜ ሂስ እንደ ማኅበር ጠላ ነበር፤ ማንም ይጥመቀው ማን ጣዕሙ አንድ ነው። «ሴት ልጅ በድርብ ጭቆና ሥር» ብዬ ጀመርኩ፣ «እናቸንፋለን!» ብዬ ጨረስኩ። ሦስት ገጽ ወጣው። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የቀረኝ ትንሽ ነገር መጽሐፉን ማንበብ ብቻ ነበር።

ልቦለዱ በአንድ ባላባት ቤት ስለነበረ ባሪያ ይተርካል። ባሪያው ጀግና ነው። ክንዱ የዋርካ ግንድ ያህላል፤ ሐሳቡ ደግሞ ብዙ ነው፤ ቁጭ ብሎ ሲያስብ ብቻ አርባ ገጽ ሄዷል። በዚያው ቤት አንዲት ሴት ባሪያም አለች። ደራሲው «ገረዲቱ» ይላታል።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ቀን ጌትዬው በቅሎው ወለላ ላይ ተቀምጦ ሲወጣ፣ ውሻው ተኩላ ከኋላ ሲከተለው፣ ገረዲቱ በሩን ስትከፍትላቸው አነበብኩ። አንድ እንዝርት ቆመ።

የቆመው የእመት አንጓች ነው። እመት አንጓች በዚያ አገር የታወቁ ፈታይና የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ማንንም አይፈሩም ይባላል፤ ከዚያ በፊት ይፈሩ ነበር የሚል ሰው ግን አላገኘሁም።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ወደ ኋላ መለስ በል» አሉኝ። «የበቅሎዋ ስም ማነው?»

«ወለላ።»

«የውሻውስ?»

«ተኩላ።»

«የልጅቱስ?»

ወደፊት ገለጥኩ፤ ወደ ኋላ ገለጥኩ። «ገረዲቱ» አልኩ።

«እሱማ ሥራዋ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ስሟን ነው።»

«ገና አልደረስንበትም፣ እመት» አልኩ። ውሸቴን የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ገረዲቱ ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደራሲው አንድ ገጽ ሙሉ አንገቷን፣ ወገቧንና ጡቷን አደነቀ። እኔ አፍሬ እንደ ዳዊት ደጋሚ እየተጣደፍኩ አለፍኩት። «ይኸ ሰውዬ ጡቷን ቀና ብሎ አይቷል፤ ስሟን ለመጠየቅ ነው ያፈረ» አሉ እመት አንጓች። ሴቶቹ ሳቁ። ከአገው ወገን የሆኑት ሁለቱ ደግሞ በአገውኛ የሆነ ነገር ተባባሉና የበለጠ ሳቁ፤ ምን እንዳሉ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሳቁ ግን አልቆየም። በሚቀጥለው ገጽ «ጌትዬው ያን ሌሊት ወደ ገረዲቱ ገባ» ይላል። አንድ መስመር ነው። ከዚያ ጀግናው ይህን ሰምቶ ሲቃጠል፣ ሲንገበገብ፣ ግድግዳ ሲመታ አራት ገጽ ይወስዳል።

«እሱስ እንዲህ ተንገበገበ፤ እሷ ምን አለች?» ብላ ጠየቀች ይታይሽ። ይታይሽ ከሁሉም ቀድማ ፊደል የለየች፣ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ እግር ሴት ናት።

«አልተጻፈም» አልኩ።

«አረገዘች?»

«ወለደች። ልጁ ተሸጠ።»

«በስንት መስመር?» አሉ እመት አንጓች።

«በአንድ።»

ባዘቶ የያዙት እጆች ጭናቸው ላይ እንዳረፉ ቀሩ። ከሴቶቹ መካከል ልጅ ያልቀበረች ጥቂት ናት፤ እኔ ይህን የማውቀው በመዝገብ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን በዓይኔ አየሁት።

ነገሩ የከረረው በሶው ላይ ነው። ጀግናው ሰንሰለቱን በጥሶ ሊያመልጥ ነው፤ «ስንቁን አንግቶ በጨለማ ወጣ፤ አሥራ አንድ ቀን ተጓዘ» ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጀግና ጀግና እየሸተትኩ አነበብኩት። እንዝርት ቆመ።

«ስንቁ ምንድነው?»

«በሶ ይሆናላ።»

«ገብሱን ማን ቆላው? ማን ፈጨው?»

መጽሐፉን አየሁ። የለም። «ገረዲቱ ትሆናለች» አልኩ።

«ቀን ቀንማ የጌታዋን እህል ነው የምትፈጨው» አለች ይታይሽ። «የሱን በሶ በየት ጊዜዋ?»

«ሌሊት ነዋ!» አሉ እመት አንጓች። «ሌሊት ወፍጮ ሲጮኽ ደግሞ ማን ይተኛል? በሶ እንዲሁ ተከክቶ አይተውም፤ እስኪልም ድረስ ይደጋገማል። ለዚያ ግንድ ለሚያህል ሰውዬ፣ ለአሥራ አንድ ቀን! ይኸ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም። እንግዲህ በዚያ ቤት ያለች ሴት ሁሉ ሰምታለች ማለት ነው። ወጥ ቤቷ ሰምታለች። ጠላ ጠማቂዋ ሰምታለች። እመቤቲቱም ሰምታለች። ወፍጮ በድብቅ አይፈጭም፣ ልጄ! ሰምተው፣ ዝም ብለው፣ ባሎቻቸው ሲጠይቁ እንኳ ሌላ ነገር ብለው አሳልፈዋል። ያን ሰውዬ ያስመለጡት እነሱ ናቸው። ይኸን ደራሲህ ጽፎታል?»

አልጻፈውም። ወፍጮ ድምፅ እንዳለው አያውቅማ። እኔም ብሆን አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚያ ድምፅ ላይ ተኝቼ፣ በዚያ ድምፅ ላይ ነቅቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ማን እንደሚፈጭ ግን ጠይቄ አላውቅም። ኪሴ ውስጥ ያለው ሂስ መጀመሪያ የከበደኝ የዚያን ዕለት ነው።

ሐሙስ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ጀግናው ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ «ነጻነት!» ብሎ ይጮኻል። ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ገረዲቱም አስመልጣዋለች ተብላ በደረሰባት ግርፋት ሞተች።» ይኸው ነው። ቶሎ ብዬ አልፌ ተራራውን ልወጣ ስል እንዝርቱ ሁሉ ባንዴ ቆመ።

«ሞተች?»

«ሞተች።»

«የት ተቀበረች?»

«አልተጻፈም።»

«ተለቀሰላት?»

«እሱም አልተጻፈም።»

እመት አንጓች እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «እንግዲህ እኛ አለን አይደል?» አሉ። «ስሟን ንገረኝ።»

«እመት፣ ደራሲው ስም ያልሰጣት የተጨቆነው መደብ ተወካይ እንድትሆን…»

«ተወካይ አይለቀስም» አሉ ቆጣ ብለው። «ሙሾ ስም ይፈልጋል፤ አገር ይፈልጋል። ስሟን!»

ሴቶቹ ሁሉ ተነሥተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እኔን ያያሉ። የለም ብላቸው መጽሐፉን ከነእኔ የሚያቃጥሉት መሰለኝ። አፌ ላይ የመጣውን ጠራሁ።

«ብርቄ» አልኩ።

«አገሯስ?»

«ጅጋ።»

«በማን ቤት?»

«በአንድ ጭቃ ሹም ቤት።»

«ምልክቷስ?»

«ግራ እጇ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ።»

ብርቄ እኔን ያሳደገችኝ ሴት ናት። ጅጋ፣ በቀድሞው ጭቃ ሹም በአባቴ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ትኖራለች። አያቴ በልጅነቷ ከቆላ ያመጧት ባሪያ ነበረች። አዋጅ ወጥቶ ነጻ ነሽ ተብላለች ይላሉ፤ ከነጻነቷ በኋላም ግን የምትፈጨው በዚያው ወፍጮ፣ የምትተኛው በዚያችው ጓዳ ነበር። ያን ሁሉ ገጽ ስለ ባርነት ሳነብ፣ ያን ሦስት ገጽ ስለ ሴት ጭቆና ስጽፍ፣ አንድም ጊዜ ትዝ አላለችኝም። ባርነት መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው፤ ብርቄ ደግሞ ቤታችን ናት።

እመት አንጓች ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አወረዱት፦

በሶሽን አንግቶ እሱ ተሻገረ፣
የፈጨው እጅሽ ግን ከወፍጮው ላይ ቀረ።

ዋይ አሉ! ይታይሽ መጽሐፉን ከእጄ ወሰድ አደረገችና በጣቷ መስመሩን ተከትላ አነበበች፤ «ገ-ረ-ዲ-ቱ-ም።» ቀና ብላ አየችኝ። ብርቄ የሚል የለም። አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን መጽሐፉን ከድና መለሰችልኝና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ ጋር ማልቀስ ጀመረች። ወፍጮ ሰምቶ ዝም ማለት እንዴት እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው በኋላ ነው። ዋይታውን የሰሙ ወንዶች ከማሳቸው እየሮጡ መጡ፤ ዱላቸውን ተደግፈው አለቀሱ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሳይቀሩ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ዓይናቸውን እየጠረጉ «ሟቿ ምንህ ናት?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አሳድጋኛለች» አልኩ። ከዚህ ወዲያ እንዴት ብዬ ልቦለድ ነው ልበል?

«እግዜር ያጥናህ» አሉኝ። በዚያ ዘመን ለአንድ ሊቀመንበር ይህን በሰው ፊት ማለት ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ድፍረታቸውን ለውሸት አባከንኩባቸው።

በማግስቱ ሁሉም ወደ ሥራው ስለተመለሰ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ለካ ወሬው ቡሬ ገበያ ወርዶ፣ በማንኩሳ አልፎ፣ እኔን ቀድሞ መንገድ ገብቷል። ሰኞ ዕለት ሂሴን ይዤ ፍኖተ ሰላም ስወርድ መኪና መቆሚያው ላይ አያ ደመላሽን አገኘሁ። አያ ደመላሽ የጅጋ ሰው፣ የአባቴ ጎረቤት፣ ጨው ነጋዴ ናቸው። ገና ሲያዩኝ እየጮኹ መጥተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ! እኔስ አፈር ማልበሱ ላይ አልደረስኩ!»

«ማን ሞቶ ነው፣ አያ?»

«አልሰማህም? ምነው ይኸ ምላሴ በተቆረጠ! ብርቄ!»

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይስቅ ነበር። እኔ ግን መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወሬውን የወለድኩት እኔው ነኝ፤ ሁለት ገበያ ዞሮ፣ አድጎ፣ እንባ ይዞ ሲመጣ ግን ልጄን አላወቅሁትም። ሞታለች አልኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ቤት የሄድኩ ዕለት ደኅና ሁኚ ብያት ይሆን? ምን ለብሳ ነበር? አንድም አላስታውስም። ውሃ ስጪኝ ማለቴን ብቻ ነው የማስታውሰው። የውይይት ክበቡ እየጠበቀኝ እህል የጫነ መኪና ላይ ወጥቼ ወደ ጅጋ በረርኩ።

ግቢያችን ሞልቷል። በጅጋ ሰርግ የደገሰ፣ ተዝካር ያወጣ፣ ልጅ ክርስትና ያስነሣ ሁሉ ብርቄን እንደ ጋን ተውሷት ያውቃል። ጋኑ ተሰበረ ሲባል ሁሉም ደነገጠ። ይሉኝታ አይደለም፤ ከልባቸው ነበር የሚያለቅሱት። እኔም እየጮኽኩ ስገባ አባቴ ተነሥተው አቀፉኝና ጆሮዬ ሥር «ዝም በል፤ አልሞተችም» አሉኝ።

«ምን?»

«ጧት እያለቀሱ መጡ። እናትህ ማን እንደሞተ ሳታውቅ አብራቸው አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ኋላ ስሙን ስንሰማ ደጁ ሞልቷል። ላለቀሰ ሰው በከንቱ ነው ያለቀስከው፣ ተነሥ ይባላል? ነውር ነው። ንፍሮ ይቅመሱና ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን።»

«ንፍሮውን ማን ይቀቅለዋል?»

አባቴ ጥያቄው ገረማቸው። «ብርቄ ናታ» አሉ።

ወደ ጓዳ ሮጥኩ። እውነትም ብርቄ ጎንበስ ብላ እሳት እፍ እያለች የራሷን ንፍሮ ትቀቅላለች።

«መጣህ፣ አባቴ?» አለችኝ። «ማን ሞቶ ነው? ከጧት ጀምሮ ንፍሮ ጣጂ፣ ውሃ ጨምሪ ብቻ ነው፤ የሚነግረኝ አጣሁ። እኔም ሰው ነኝ፤ ወጥቼ ላልቅስ እንጂ!»

«የሞትሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጽሐፉን፣ በቅሎዋን፣ በሶውን፣ ሌሊት የሚጮኸውን ወፍጮ፣ እመት አንጓችን። መጀመሪያ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ያንን ጠባሳ ያለበትን እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ደጅ ያሉት ለቀስተኞች እንዳይሰሟት እየፈራች ሳቀች።

«ሙሾም ወረደልኝ?»

ሙሾውን አልኩላት። ሳቋ ቆመ። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «ወፍጮውን አወቁት» አለች ቀስ ብላ። «ስሜንስ ጠሩት?»

«ጠሩት እንጂ! ብርቄ፣ ብርቄ እያሉ።»

ማማሰያዋን አንሥታ ንፍሮውን አገላበጠች። «እንግዲያው ያለቀሱት ለሌላ ሰው ነው» አለች። «ብርቄ ያለኝ አያትህ ናቸው፤ ያመጡኝ ቀን። እናቴ ብርቄ ብላኝ አታውቅም።»

አፈርኩ። ደራሲው ስሟን አልጠየቃትም ብዬ ከሴቶቹ ጋር ስታዘበው የነበርኩ ሰው እኔ ነኝ። ደራሲውስ ያቺን ሴት በሐሳቡ ነው የሚያውቃት፤ እኔን ይህችኛዋ በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችኝ። እመት አንጓችን በተዋወቅን ቀን «እርስዎ» ብያቸዋለሁ፤ እሷን ግን ዕድሜዬን ሙሉ «አንቺ» ስል ማንም ነውር ነው አላለኝም።

«ስምዎ ማነው?» አልኳት።

ዘወር ብላ ከኋላዋ አየች። ሌላ ሰው የገባ መስሏት ነው። ማንም አለመኖሩን ስታይ ማማሰያውን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፤ ነገረችኝ።

ምላሴ አልለመደውም፤ ተበላሸብኝ። ደገመችልኝ። አሁንም አበላሸሁት። «አስተማሪ ነኝ አላልክም? በል እንደገና!» አለችኝ። ሦስተኛው ላይ ሲሳካልኝ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች። ሂሴን ከኪሴ አወጣሁና ጀርባው ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ሦስት ገጽ ውስጥ የሚነበብ ነገር ያለው በጀርባው ብቻ ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የሰጠችኝ ለልቅሶዋ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ጊዜው ሲደርስ ተጠርቷል፤ እመት አንጓች ይታይሽን አስከትለው ከቡሬ ድረስ መጥተው ጠርተውታል። እኔም መብራት ያለበት ከተማ ሳልዛወር ቀረሁ። የዚያን ዕለት ግን ገና እሳቱ ዳር እንደተቀመጥን እናቴ ከትልቁ ቤት ተጣራች።

«ብርቄ! ንፍሮው አልደረሰም ወይ?»

«አቤት» የሚለው ቃል ከአፏ ሊወጣ ሲል አየሁት። ከንፈሯ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ኧረ ብርቄ! ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!»

ንፍሮውን አጠንፍፋ ሰፌዱ ላይ ገለበጠችው። አነሣችና እኔ እጅ ላይ አስቀመጠችው፤ እሷ መልሳ መደቧ ላይ ተቀመጠች።

«ሂድ» አለችኝ። «ሞታለች በላቸው።»

ሰፌዱን ይዤ ወጣሁና ነገርኳቸው።